ክብርት ለምን ፈረስ ሲቀርብላቸው

የምሥራች አለኝ፤ የማን እንደሆነ ግን አሁን አልናገርም። ከትናንት ጀምሮ አፌ አልገጠም ብሎ ጉንጬን አሞኛል። ትንሽ ላቆየውና ብቻዬን ልደሰትበት።

በቅድሚያ አንድ ነገር ልበል፤ ተጠራጣሪ ሰው የሌለበት ሕንፃ እስካሁን አልተሠራም። ተሠርቶም ከሆነ ተከራይ አልገባበትም ማለት ነው። ሰላም ስትሉት ከኋላችሁ ማን እንዳለ የሚያይ፣ ሊፍት ይዛችሁ ብትጠብቁት በደረጃ የሚወጣ ሰው የትም አለ። ለእኛ ሕንፃ የደረሰው ግን ባለ ማዕረግ ተጠራጣሪ ነው። ከበሬ ፊት ለፊት የሚኖሩት ጎረቤቴ የቼዝ ግራንድ ማስተር ናቸው።

ሕንፃው በሙሉ “ክብርት ለምን” ይላቸዋል፤ ለሁሉም ነገር መልሳቸው “ለምን?” ስለሆነ። ዘበኛው “ዛሬ አምሮብሻል እትዬ” ቢላቸው፣ “ለምን?” ነው። ፊት ለፊት አንቱ ማለት ክልክል ነው፤ “አንቱ ያለኝ ሰው አንድ ነገር ፈልጎ ነው” ይላሉ። በጽሑፍ ግን አንቱ እላቸዋለሁ፤ ከፈለጉ ይጠርጥሩኝ።

ሬዲዮው ቀኑ ፀሐያማ ነው ካለ ጃንጥላ ይዘው ይወጣሉ። “ዝናብ የለም ለማለት ምን አስቸኮላቸው?” የቧንቧ ሠራተኛው “ቀላል ነገር ነው እትዬ፣ ተይው” ብሎ ሒሳብ ሳይቀበል የሄደ ሰሞን እጃቸውን የታጠቡት እኔ ቤት ነው። ግራንድ ማስተር የተባሉ ዕለት እንኳ፣ አዳራሹ እያጨበጨበ፣ የምስክር ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን ሲመረምሩ የተነሱት ፎቶ ሳሎናቸው ውስጥ ተሰቅሏል።

“ጀርባው ላይ ምን ነበረበት?” ብዬ ጠየቅኳቸው።

“ምንም። እሱ ነው ያሳሰበኝ።”

አመሉ የመጣው ከልጅነት ነው። ቼዝ ክለብ ሲገቡ ከእሳቸው በቀር ሴት አልነበረም። የመጀመሪያ ውድድራቸው ላይ አንድ ጎልማሳ ፈገግ ብሎ ወታደሩን ገፋ አደረገላቸውና “በሞቴ ብዪው፣ የኔ ልጅ” አላቸው። በሉት። ብዙም ሳይቆይ ንግሥታቸው መውጫ አጣች፤ አዳራሹም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ “በሞቴ” ካላቸው ሰው እጅ አይበሉም፤ ቼዝም ቢሆን፣ ምሳም ቢሆን። ግብዣ ላይ አይቻቸዋለሁ፤ ባለቤቲቱ “በሞቴ” ባለች ቁጥር ሳህናቸውን ወደ ራሳቸው ይስባሉ።

በዚህ አመል ሩቅ ሄደዋል። ወንድ ሴት ሳይለይ በሚካሄደው ትልቁ ውድድር አራት ዋንጫ ወስደዋል፤ ከእሳቸው በፊት አራት የወሰደች ሴት ነበረች፣ አምስት የወሰደች ግን የለችም። ዐምና በመጨረሻው ጨዋታ ተጋጣሚያቸው ፈረሱን ያለ ጠባቂ ሜዳ ላይ ተወው። ቢበሉት ክብረ ወሰኑ የእሳቸው ነበር። እሳቸው ግን “ለምን?” አሉ። አሰቡ፣ አሰቡ፣ ተዉት። በአቻ ወጡ፤ ዋንጫውም ለሌላ ሰው ሆነ። በኋላ ሰውየው “እትዬ፣ ረስቼው ነበር እኮ” አላቸው። ይህን ለምን እንደነገራቸው ዓመቱን ሙሉ ሲጠረጥሩ ከረሙ።

አሁን ወደ እኔ ጥርጣሬ ልምጣ፤ ነገሩ ተላላፊ ነው። እኒህ ሴት ቅዳሜ ቅዳሜ በሬን አንኳኩተው ከእኔ ጋር ቼዝ ይጫወታሉ። እኔ ቼዝ የጀመርኩት ልጆቼ ጥለውት የሄዱትን ሰሌዳ አቧራ ሳራግፍ ነው። አሸንፌያቸው አላውቅም፤ ለማሸነፍ ተቃርቤም አላውቅም።

ታላቅ እህቴ ይህን ስትሰማ፣ “ካንቺ ምን ልትማር ነው? ሴትዮዋ አንድ ነገር ፈልጋለች። በረንዳሽን ይሆናል” አለችኝ።

ሳቅኩባት። ከዚያ ግን በረንዳዬን ደጋግሜ ማየት ጀመርኩ።

የባሰው ደግሞ፣ የሰውን ሁሉ ፈረስ የሚጠረጥሩት ሴት የእኔን ፈረስ አይጠረጥሩም። ገና ከእጄ ሳይወጣ ጎርሰውታል።

“እትዬ፣ ወጥመድ ቢሆንስ?”

“ያንቺ?” ይላሉ ቀና እንኳ ሳይሉ።

“ምነው፣ ተንኮል አያምርብኝም?”

“አይሆንልሽም። በሞቴ እንኳ ማለት አታውቂበትም።”

ስድብ ይሁን ምስጋና ሳይገባኝ ኖርኩ።

ትናንት የዘንድሮው የመጨረሻ ጨዋታ ነበር፤ እኔም ከኋላ ተቀምጫለሁ። ተጋጣሚያቸው አንዲት ረጋ ያለች የጥርስ ሐኪም ናት። ዋንጫው የሚገኘው በማሸነፍ ብቻ ሲሆን ጨዋታው ግን ወደ አቻ እያዘገመ ነው። በመሃል ሐኪሟ ፈረሷን አንስታ ምንም በማይጠብቀው ቦታ አስቀመጠችው። ልክ እንደ ዐምናው። የክብርት ለምን ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ምን እንዳሉ ለማወቅ መስማት አያስፈልግም። ሰዓታቸው ይሄዳል፣ እሳቸው አገጫቸውን ይዘው ተክዘዋል። አለቀልን አልኩ በሆዴ።

ከዚያ ቀና አሉ። ሰሌዳውን ትተው ሐኪሟን አዩዋት። እጃቸውን ዘርግተው ደግሞ፣ ልክ የእኔ ሳሎን ውስጥ እንዳሉ ሁሉ፣ ፈረሷን ጎረሱት።

አምስተኛው ዋንጫ። የምሥራቹ ይሄ ነው፣ የእሳቸው ነው። ግማሹ ግን የእኔ ነው፤ እንዴት እንደሆነ ስሙ።

ኮሪደሩ ላይ አግኝቼ አቀፍኳቸውና፣ “እንዴት አልጠረጠርሽም እትዬ?” አልኳቸው።

“ጠርጥሬ ነበር። ኋላ ጉትቻዋን ስታሽከረክር አየኋት።”

“ጉትቻዋን?”

“አንቺ ፈረስሽን አስቀምጠሽ ስህተቱ ሲገባሽ ግራ ጉትቻሽን ታሽከረክሪያለሽ። ሁልጊዜ። ተንኮል ያሰበ ሰው እጁ ዝም ይላል።”

“ታዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትመጪው ለዚህ ነበር?”

“ወጥመድ የሚያሳየኝ ሞልቷል። ሰው ከልቡ ሲሳሳት ምን እንደሚመስል የሚያሳየኝ ነው ያጣሁት።” ዋንጫውን ወደ ደረታቸው ሳቡት። “ደግሞ ዞር ብዬ ሳላይ የምወጣበት ቤት ያንቺ ቤት ብቻ ነው።”

ይህን ማለታቸው ወዲያው የቆጫቸው ይመስለኛል፤ ዐይናቸውን አጥብበው፣ “ለምን ጠየቅሽኝ?” አሉ።

እጄ ጉትቻዬ ላይ ነበር።

በሉ፣ ከዚህ በላይ መቀመጥ አልችልም። እህቴ ገና አልሰማችም፤ በስልክ ደግሞ አልነግራትም፣ ፊቷን ማየት አለብኝ። ጫማዬን አጥልቄያለሁ። በረንዳው አልነበረም ልላት እየሮጥኩ ነው።