ሰባት ቤት እስከ ስኮትላንድ

ፈረንጅ ስም ይወርሳል፤ እኛ ስም እናዋሳለን። የሱ ቅድመ አያት የያዘው ስም እንደ ርስት ከልጅ ወደ ልጅ ይተላለፋል። የኛ አባት ግን ስሙን ለልጁ አስይዞት ጥቂት ይሄድና የልጅ ልጁ ዘንድ ሲደርስ ደክሞት ይቀመጣል። አገር ቤት ሳለን ይህ ማንንም አስቸግሮ አያውቅም። እዚህ ለንደን ግን አራት ሰው ባለበት ቤት ሦስት «የቤተሰብ ስም» ይገኛል። እኔና ባለቤቴ ልጆች ወልደን፣ አሳድገን፣ ድረን እንኳ ፊንስበሪ ፓርክ ሐኪም ዘንድ በሄድን ቁጥር እንግዳ ተቀባይዋ ቀና ብላ ታየንና በርግጥ ባልና ሚስት መሆናችንን በትሕትና ትጠይቀናለች። አንዳንድ ቀን እኔም እጠራጠራለሁ።

ይህን የማነሳው ለአቤቱታ አይደለም። የማነሳው ባለፈው ሰመር እዚሁ ለንደን ሰቨን ሲስተርስ ሰፈር፣ አሰለፈች ቤት የሆነው ነገር እስካሁን ግራ እንዳጋባኝ ስላለ ነው። ግራ መጋባት ደግሞ ለብቻ ሲሆን ይከብዳል፤ እስቲ እናንተም አግዙኝ።

አሰለፈች የሟች ጓደኛዬ የበላይ ባለቤት ናት። በላይ ካረፈ ወዲህ አንድ ልጃቸውን ሊያን ብቻዋን አሳደገች፤ እኔም እንደ አጎት ሆኜ ከሩቅ እቆጣለሁ። ሊያ እዚሁ የተወለደች፣ አማርኛዋ በየመንገዱ እንግሊዝኛ እየተደገፈ የሚሄድ ጨዋ ልጅ ናት። እሷ ነች ኢየን የሚባል ስኮትላንዳዊ ይዛ የመጣችው። አሰለፈች ቅር አላላትም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ግን ልጁ ትሑት ነው፣ ሽሮ ይወዳል፣ ጫማውን ሳይነገረው በር ላይ ያወልቃል። ደግሞ ገና በመጀመሪያው ቀን የኛ አገር እናት የምትጠይቀውን ጠይቃዋለች። «የአባትህ ስም ማነው?» አለችው። «ሮበርት» አላት። በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጁ ኢየን ሮበርት ሆነ። ለዘመድ ለወዳጁ ያስተዋወቀችው በዚሁ ስም ነው፤ እኔም ለሰው ሳወራ ኢየን ሮበርት እያልኩ ነው። ሰው ስሙንና ያባቱን ስም ከነገረን ሌላ ምን ቀረ ብለን እንጠርጥር?

ጉዱ የፈላው ሽማግሌ የተላከ ዕለት ነው። ሊያ እናቷን ደስ ለማሰኘት ነገሩ ሁሉ በወጉ እንዲሆን ስለፈለገች ኢየን አጎቱን ከኤዲንብራ አስመጣ። አጎትየው ባለ መስመር የጎሳቸውን ጨርቅ ወገባቸው ላይ አገልድመው፣ ረጅም ካልሲ እስከ ጉልበታቸው ስበው ከተፍ አሉ። ተቀባዩ እኔ ነኝ፤ እንደ ደንቡ ከየት እንደመጡና የማን ወገን እንደሆኑ ጠየቅኳቸው። አስተርጓሚዋ ሙሽራዋ ራሷ ነበረች፤ ይህ በየትኛው ወግ እንደሚፈቀድ አላውቅም። ሰውየው ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን ሲጠብቁ የኖሩ ይመስላሉ። ተነሥተው፣ ጨርቃቸውን ዳበስ አድርገው፣ የማክሎርን ጎሳ መሆናቸውን፣ ኢየንም የማክሎርን ልጅ መሆኑን በኩራት ተናገሩ።

አሰለፈች የያዘችውን ትሪ ቀስ ብላ አስቀመጠች።

እዚህ ላይ ላስረዳ። የሟቹ የበላይ አባት ስማቸው ማክሎርን ነው። አዎ፤ ወሎ ተወልደው፣ ወሎ አርሰው፣ ወሎ የተቀበሩ አቶ ማክሎርን። እናታቸውን ያዋለደ ስኮትላንዳዊ ሐኪም ነበርና በሱ ስም ተሰየሙ ይባላል። በላይ ለንደን ሲገባ ያባቱን ስም የቤተሰብ ስም ነው ብለው መዘገቡት፤ አገር ቤት ብትሆን ሊያ በላይ የምትባለዋ ልጁም እዚህ ሊያ ማክሎርን ሆና ቀረች። ለካ ልጆቹ የተዋወቁት በዚሁ ስም ሲሳሳቁ ኖሯል። ኢየን «ስታገቢኝ ፓስፖርት መቀየር አያስፈልግሽም» እያለ ይቀልድባት ነበር አሉ።

ለአሰለፈች ግን ቀልድ አልነበረም። እኛ ዘንድ ሁለት ሰዎች ከመጋባታቸው በፊት በእናትም በአባትም ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ሰባት ሳይሞላ ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው ቀረ። በዚያ ላይ ስለ አቶ ማክሎርን ቅላት ድሮም በሹክሹክታ የሚወራ ነገር ነበር። ያ ሐኪም የተወው ስሙን ብቻ ነው ወይስ ሌላም ነገር አለ? እንግዶቹን በክብር ሸኝተን እንደተመለስን ወጥ ቤት ወስዳ አቆመችኝ።

«ጋሼ፣ ልጄ ዘመዷን ልታገባ ነው። እስኪጣራ አልመርቅም። ቆጣሪው እርስዎ ነዎት፤ ይቁጠሩልኝ» አለችኝ።

ሊያ ከሳሎን ሆና «ማሚ፣ ስም ብቻ እኮ ነው፣ ሲሪየስሊ» አለች፤ ከዚያ መኝታ ቤቷ ገብታ ስታለቅስ ሰማናት። አዳራሹ ቡክ ተደርጓል። ግን እናቷ ሳትመርቃት እንደማታገባ ሁላችንም እናውቃለን፤ ልጅቷ በዚህ በኩል ወሎዬ ናት። አንጀቴን በላችው።

ዘር መቁጠር እችላለሁ፤ በዚህ በኩል ትሕትና አላበዛም። የፈረንጅ ግን ቆጥሬ አላውቅም። የጎሳውን ማኅበር ፈልጌ ስልክ ደወልኩ፤ አንዲት ለስላሳ ሴትዮ አነሣች። ስሙን የያዘ ሁሉ የሥጋ ዘመድ ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አይደለም፤ ድሮ በጎሳው አለቃ መሬት ላይ የሚኖር ሁሉ፣ ጥበቃ የፈለገም ሁሉ ስሙን ይይዝ ነበር አለችኝ። ታዲያ ጎሳው ማነው ስላት፣ ስሙን የያዘ ሁሉ ነው አለችኝ። አመስግኜ ዘጋሁና እንደገና ደወልኩ። የወሎዋን ልጅ ነገር ሳጫውታት ደስ ብሏት፣ ስሙን ከያዘች ጨርቁን መልበስ እንደምትችል ነገረችኝ። ስለዚህ ሊያ በአንድ የስልክ ጥሪ ያለ ምንም ማጣሪያ የስኮትላንድ ጎሳ አባል ሆነች። እናቷ ቤት ግን ሙሽራ መሆን አልቻለችም።

የቀረን ወሎ ነው። የአቶ ማክሎርን ታናሽ እህት እትዬ ዘነበች ደሴ ከተማ ይኖራሉ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሊያና ኢየን፣ አሰለፈችና እኔ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርገን ከበብነው። ሴትን ልጅ ስለ እናቷ እንዲህ ያለ ነገር እንዴት ይጠይቋታል? ስለ ዝናቡ ጠየቅኩ፣ ስለ ከብቱ ጠየቅኩ፣ ወንድማቸው መልክ ላይ ስደርስ ተመልሼ ስለ ዝናቡ ጠየቅኩ። እሳቸው ግን ነገሩ ቀድሞ ገባቸው።

«ወንድሜ ባባታችን ነው የወጣው፤ አባታችንም ቀይ ነበር። ሐኪሙ እናቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት እግሩ ደሴን በረገጠ በማግሥቱ፣ እሷ ምጥ ላይ ሆና ነው» አሉ። ከዚያም ቀጠሉ፤ «አባቴ በሬ ሊሰጠው ወሰደለት። እምቢ አለ። ልጅ የለኝም፣ ስሜ ከኔ ጋር ይቀበራል ብሎ ተከዘ። አባቴም ያለውን ሰጠው፤ ልጁን በስሙ ጠራለት።»

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል እንዲህ ባለ መንገድ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አሰለፈች አማተበች። ሊያ አቀፈችው፤ ማለቴ ኢየንን። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ምን ነበረበት? ግን ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። አሰለፈች ለሥርዓቱ ያህል ብላ፣ ፈገግ እያለች፣ ልጁም የራሱን ሰባት ቤት እንዲቆጥር ጠየቀችው። ሮበርት ብሎ ጀመረ። አያቱ ላይ ሲደርስ ፊቱ በርበሬ መሰለ።

አያትየው ማክሎርን አልነበሩም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከፖላንድ እናታቸው አዝለዋቸው የመጡ ሕፃን ነበሩ፤ እናትየው አንድ ማክሎርን አገቡና እንጀራ አባት ስሙን ሰጣቸው። አጎትየውም ይህን ያውቃሉ፤ ጨርቁን ስለሚወዱት ግን አያነሡትም። ከዚያ በላይ ማን እንደነበረ ኢየን አያውቅም፤ ሁለት ቤት ቆጥሮ ቆመ። ሊያም የሰማችው ገና ያን ዕለት ነው። ዓይኑን ከጠረጴዛው አላነሣም፤ አሁን ደግሞ ዘሩ የማይታወቅ ተብሎ እንደሚመለስ የጠበቀ ይመስለኛል። እኔም ያንኑ ፈራሁ፤ ሰባት ቤት የምትፈልግ ሴት ሁለት ቤት ይዞ ለመጣ ምን ትላለች?

አሰለፈች ተነሥታ የሁለቱንም ራስ በየተራ ሳመችና፣

«ሁለታችሁንም ያቆማችሁ በውሰት ያገኛችሁት የሰው ስም ነው። እንግዲህ ልጅ ስትወልዱ አውጥታችሁ እንዳትጥሉት፤ አደራ ነው» አለቻቸው።

ሠርጉ ሆነ፤ ሊያም ጨርቁን ከነጠላዋ በላይ ጣል አድርጋ አምሮባት ዋለች። በቅርቡ ደግሞ እንደምትወልድ ነግራናለች። ልጅ ሳይወልድ የሞተ ሐኪም፣ በሥጋ በማይዛመዳቸው ሁለት ሰዎች በኩል ሰቨን ሲስተርስ ውስጥ የልጅ ልጅ ሊያይ ነው። ይህ ስንተኛ ቤት እንደሚባል እኔ ቆጥሬ አላገኘሁትም፤ እናንተ ከደረሳችሁበት ንገሩኝ።