ለጩኸትም ተራ አለው እንዴ?

«ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ያለውን ሰው አንድ የጨዋታ ቅዳሜ እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ላይ ባገኘው ደስ ይለኛል። ዝንቡስ አይገባ፤ የታፈነው ነገር ግን በየት በኩል ይውጣ? በኮሮናው ዓመት የዩኒቨርሲቲው የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን፣ ያ ኳስ በእጅ ታቅፎ የሚሮጥበት ጨዋታ፣ ባዶ ስታዲየም ውስጥ ሲጫወት፣ የተቀዳ ጩኸት በድምፅ ማጉያ ይለቁለት ነበር። እንደ ትናንት ወጥ እያሞቁ! ሳቅን፤ ግን ዝም ማለቱን እነሱም አልቻሉበትም።

ታላቅ እህቴ እትዬ ስንዱ ያን ዓመት ያሳለፈችው በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ ስታጥብ፣ ስታለብስ፣ ስታጎርስ። የምትወዳቸው አሮጊቶች ተራ በተራ ሲሄዱባት አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ «ወይኔ እናቴን!» ብላ ጮኸች። ሱፐርቫይዘሯ ትከሻዋን ዳበስ አድርጋ «ሌሎቹ እንዳይደነግጡ፣ ድምፅሽን ቀንሺ» አለቻት። ክፉ ሴት አልነበረችም። እህቴም ቀነሰች። ቀንሳም ቀረች። ስትጸልይ ድምፅዋ ክሊቭላንድ አቬኑ፣ ዋናው ጎዳና ድረስ ይሰማል እየተባለ የሚቀለድባት ሴት፣ ስልክ እንኳ በሹክሹክታ ታወራ ጀመር።

በዓመቱ የስታዲየሙ በር ለሰው ተከፈተ። እዚያው ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጇ ሩት ሦስት ቲኬት ይዛ መጣች። «ማም፣ ጀስት ካም፤ ዝም ብለሽ ነይ» አለቻት። እኔ ነዳሁ።

እትዬ ጨዋታው ባይገባትም ሕዝቡ ገባት። ከኛ ቡድን አንዱ ልጅ ኳሱን አቅፎ፣ ሦስት ሰው ተሸክሞ ሲወድቅ ጊዜ ጀግንነቱ ደስ አሰኛት፤ ብድግ ብላ እልልታዋን ለቀቀችው። ምን ዋጋ አለው፣ ልክ በዚያች ደቂቃ መቶ ሺህ ሰው ጸጥ ብሎ ነበር!

ከፊታችን የተቀመጠ፣ ቀይ ኮፍያ ያደረገ ሽማግሌ ዞረ። «ማዳም፣ አሁን አይደለም! ኳሱ የኛ ነው!»

«ኦ ማይ ጋድ፣ ማም፣ ሲት ዳውን» አለች ሩት፣ ፊቷን በእጇ ሸፍና።

እትዬ ቁጭ አለች። ቦርሳዋን ከእግሯ ሥር አነሳችና «እዚህም ቀንሺ ነው? ተነስ፣ እንሂድ» አለችኝ።

«እትዬ፣ ኳሱ የኛ ሲሆን ልጆቹ እንዲደማመጡ ዝም ይባላል» አልኳት። «የሚጮኸው ኳሱ እነዚያ እጅ ሲገባ ነው፤ እነሱ እንዳይደማመጡ።»

«ለጩኸትም ተራ አለው እንዴ?»

«አለው።»

«እንግዲያው ተራዬ ሲደርስ ማንም ቀንሺ እንዳይለኝ!»

ደረሰ። ኳሱ እነዚያ እጅ ገባ፤ ሕዝቡ ተነሳ፤ ሲሚንቶው ከእግራችን ሥር ይርገበገብ ጀመር። እትዬ መቀመጫው ላይ ወጣች። መጀመሪያ እልልታ ነበር። ከዚያ ግን እልልታ አልነበረም። «ወይኔ እናቴን! ወይኔ ሚስ ዶሮቲ! ወይኔ ሚስ ኤቭሊን!» እያለች፣ ያልተለቀሰላቸውን አሮጊቶች በየስማቸው እየጠራች፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየወረደ ጮኸች። ሩት ቀና ብላ አየቻት። ስሞቹን ታውቃቸዋለች፤ እናቷ ማታ ማታ ስትጸልይላቸው ትሰማ ነበር። ተነስታ ወገቧን አቀፈችና አብራት ትጮህ ጀመር።

እታች የእንግዳው ቡድን መሪ ጆሮውን እያመለከተ ይወራጫል። ጓደኞቹ አልሰሙትም፤ አንዱ ያለጊዜው ተስፈንጥሮ ወጣ፤ የዳኛው ቢጫ የቅጣት ጨርቅ ተወረወረ። ባለቀይ ኮፍያው እጁን አንስቶ ወደኛ ሲዞር፣ ሊያስቆማት መስሎኝ ለጠብ ተነሳሁ።

«ይድገሙት፣ ማዳም!» አላት።

ማን ለምኗት! ጨዋታው እስኪያልቅ ተራዋ በደረሰ ቁጥር ደጋገመችው። ሐኪም እንዲህ ያለ መድኃኒት ያዛል አልላችሁም፤ ግን «ሐዘንም ጨዋ ይሁን» የሚለኝን ሰው ከዚያ ቀን ወዲህ አልሰማም።

ወደ መኪናው ስንሄድ እናትና ልጅ ተደጋግፈዋል፤ የሁለቱም ድምፅ በጩኸት ተዘግቷል።

«ለመሆኑ ማን አሸነፈ?» አለችኝ እትዬ።

«ተሸነፍን።»

መኪናው ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን አሰረችና «እናንተ ተሸንፋችሁ ይሆናል» አለች።