ከታች ወደ ላይ የተቀባው ክፍል

ታላላቅ ሥራዎች በሥራ አይጀመሩም፤ በስብሰባ ይጀመራሉ። የቤታችን የኋላ ክፍል ዕድሳትም እሑድ ከምሳ በኋላ፣ ሳህኑ ሳይነሳ፣ በይፋ ተከፈተ። ከፋቹ ባለቤቴ ናቸው። በመሥሪያ ቤታቸው የዕቅድና ክትትል ክፍል ኃላፊ ስለሆኑ ሳያቅዱ ውኃ እንኳ አይጠጡም። ቤት ውስጥ አንተ ነው የምላቸው። እዚህ ግን አንቱ እላቸዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ሥራ የሠራ ሰው በነጠላ አይጠራም።

ክፍሉ የተፈለገው ለአባቴ ነው። እናቴ ካረፈች ዓመት ሆናት። አባዬ በዚያ ባዶ ቤት ብቻውን ሲያወራ እንደሚውል ጎረቤቶቹ ሲነግሩኝ አንጀቴ አልችል አለ። ለመንኩት፣ አለቀስኩበት፣ አኮረፍኩት፣ በመጨረሻ አመጣሁት። «አንድ ወር ልየው፤ ከተስማማኝ እቀራለሁ። ካልተስማማኝ ግን እንዳታለቅሺብኝ» አለኝ። የኋላው ክፍል ያኔ የዕቃ ማጎሪያ ነበር። ቀለሙ ተላልጧል፣ ኮርኒሱ እርጥበት ጠጥቶ አብጧል። እስኪታደስ ድረስ አባዬ ሳሎን ሶፋ ላይ ይተኛ ተባለ። አባዬ ረጅም ነው፣ ሶፋው አጭር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ልጥቀስ። በኋላ የተቋቋመው ኮሚቴ ቁም ነገር ስላላደረገው እናንተም ብታልፉት ቅር አይለኝም። አባቴ አርባ ዓመት ቀለም ቀቢ ነበር። ስንት ትምህርት ቤት፣ ስንት የሙሽራ ቤት ቀብቷል። ኮርኒስና ግድግዳ የሚገናኙበትን መስመር ያለ ማስመሪያ በብሩሽ ጫፍ ሲጎትተው ሰው ቆሞ ያይ ነበር።

«ታዲያ አባዬን ብንጠይቀውስ?» አልኩ በስብሰባው ላይ።

«ምን ነካሽ?» አሉ ባለቤቴ። «አባባ እንግዳችን ናቸው። እንግዳ ሥራ ይታዘዛል እንዴ? ነውር ነው! ደግሞ እሳቸው የሚያውቁት በልምድ ነው። እኛ የምንሄደው በአሠራር ነው።»

አባዬ ሶፋው ላይ ሆኖ ይሰማል። እሱ አንድ ሕግ አለው፤ ካልጠሩት የሰው ግድግዳ አይነካም፣ ካልጠየቁት አስተያየት አይሰጥም። ሳይጠሩት የሚገባ ባለሙያ ከለማኝ አይለይም ይላል። እኔም ትዳሬን ብዬ ዝም አልኩ፤ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል።

ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢ ባለቤቴ፣ ጸሐፊ እኔ። ሦስተኛዋ አባል ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጣችው መምህርት ነበረች፤ መሰላሉ የእሷ ስለሆነ ድምፅ የመስጠት መብት አገኘች። አባዬ ደግሞ በክብር ታዛቢ ተባለ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ብለው ሰብሳቢው ስብሰባውን ዘጉ። ሳህኑንም፣ ክፍሉ ውስጥ የታጨቀውን ዕቃም ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ሃምሳውም ሎሚ እኔ ላይ ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት ለቀለም ምርጫ ተሰጠ። ባለቤቴ የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ መረጡ፣ መምህርቷ ሰማያዊ፣ እኔ ነጭ። ድምፅ ቢሰጥ አንድ፣ አንድ፣ አንድ። እንደገና ቢሰጥም ያው። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ነበር። ሰብሳቢያችን ግን ሁሉን አሳታፊ መፍትሔ አመነጩ፤ ሦስቱንም ባልዲ ውስጥ ገልብጠው በእንጨት አማሰሉት። የወጣው ቀለም ዕቃ የታጠበበት ውኃ የሚመስል ነገር ነው። «የመግባባት ቀለም» ብለው ሰየሙት። አባዬ ባልዲውን አጎንብሶ አየና መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተ።

በሁለተኛው ሳምንት ወደ ተግባር ተገባ። ሰብሳቢው ባለ ስድስት ገጽ ዕቅዳቸውን አነበቡልን።

«ዘመናዊ ዕቅድ ከታች ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ከላይ የሚመጣ ነገር ሁሉ ጫና ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የግድግዳው ግርጌ፣ ቀጥሎ ወገቡ፣ በመጨረሻ ኮርኒሱ።»

መምህርቷ፣ «ቀለም ግን ወደ ታች ነው የሚንጠባጠበው» አለች።

«እሱ ያለ ዕቅድ ሲሠራ ነው።»

«የተላላጠውስ? አይፋቅም?» አልኩ።

«መፋቅ ያለፈውን መካድ ነው። እኛ ባለው ላይ ነው የምንገነባው።»

እንዲህ ያለ አንደበት ያለው ሰው እንዴት መሰላል ላይ እንደዋለ ይገርመኛል። ዋሉ ግን። ግርጌውን ቀቡ፣ ወገቡን ቀቡ፣ አላባቸው፣ ቅንድባቸው ሳይቀር የመግባባት ቀለም ሆነ። ከዚያ ኮርኒሱን ሲጀምሩ ቀለሙ ሕግ አላውቅም ብሎ በተቀባው ግድግዳ ላይ ዥው አለ። ግድግዳውን ለማስተካከል ተመለሱ፤ ሮለሩ ኮርኒሱን ነካ። ኮርኒሱን ሊያስተካክሉ ወጡ፤ ግድግዳው ተዥጎረጎረ። ሦስት ጊዜ ወጡ፣ ሦስት ጊዜ ወረዱ። በማግስቱ ደግሞ አዲሱ ቀለም አሮጌውን አቅፎ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ከግድግዳው ይወርድ ጀመር።

«አፈጻጸማችን ሰማንያ አምስት በመቶ ደርሷል» አሉ በዚያ ቀን ሪፖርታቸው።

«ትናንት ሰማንያ አልነበረም? ዛሬ እኮ ወለቀ» አልኩ።

«የወለቀውም ተሠርቶ ነው የወለቀ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«ያንተ እንቁላል ወደ ኋላ ነው የሚሄደው» አለች መምህርቷ። ሰብሳቢው ይህ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዳይገባ አዘዙ፤ እኔ ግን አስገብቼዋለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት አባዬ ከሶፋው ሲነሳ ወገቡን ይዞ ቆመ። ቁርስ እያቀረብኩ ነበር።

«ልጄ፣ የፊታችን ቅዳሜ ልሂድ።»

«ወሩ መች አለቀ?»

«ወሩ አላለቀም። ወገቤ ነው ያለቀው።»

እንዳታለቅሺብኝ ያለውን አላስታወስኩም። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። ያ ሁሉ ልመናዬ፣ ያ ሁሉ ኩርፊያ፣ ለአጭር ሶፋ ሆኖ ቀረ። ባለቤቴ ሲሰሙ ከልባቸው አዘኑና «ታዲያ ክፍሉ እሳቸው ሳይሄዱ መመረቅ አለበት!» አሉ። የምረቃው ቀን ሐሙስ ተባለ። የመሥሪያ ቤታቸው ሥራ አስኪያጅም በክብር እንግድነት ተጠሩ፤ ባለቤቴ ለካ ለሦስት ሳምንት ቢሮ ውስጥ ያወሩት ስለ ክፍላችን ነበር። «ቤቱን በገዛ እጁ ያልቀባ ሰው በቤቱ እንግዳ ነው» የምትለዋን ንግግራቸውን አጋዥ ጽሑፍ አድርገው በትነዋታል አሉ።

እግዜር ሲያግዝ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ከከተማ ወጣ ብሎ የግምገማ ስብሰባ ተጠራና ባለቤቴ ሄዱ። ማክሰኞ ጠዋት ራሴን አሞኛል ብዬ ከሥራ ቀረሁ። አባዬ ፊት ቆምኩ።

«አባዬ፣ ይህ ቤት የእኔም ነው። እየጠራሁህ ነው።»

መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ አደረገ። «ነጭ ቀለም አለሽ?»

«አለኝ።» ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ገዝቼ አልጋ ሥር ደብቄው ነበር።

ኮቱን አወለቀ። ሁለታችን ያንን ልጣጭ እስከ ግድግዳው አጥንት ድረስ ፋቅነው፤ ስንጥቁን ሞላ፣ አለሰለሰ፣ እስኪደርቅ ጠበቀ። ከዚያ ኮርኒሱን ቀባና ወደ ታች ወረደ። እኔን አንዴም አልተቆጣኝም፤ ብቻ ብሩሽ አያያዜን እያየ ይስቃል። ረቡዕ ከሰዓት ሁለተኛውን ዙር ሲጨርስ ያንጎራጉር ነበር። እናቴ ከሞተች ወዲህ ድምፁን ለዘፈን ሲያወጣ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ማታ ባለቤቴ ገቡ። ክፍሉ በር ላይ ደርሰው ቀጥ አሉ። እንዴት ብዬ ላስረዳቸው ብዬ ጭንቅ ይዞኛል።

«አየሽ!» አሉ። «ቀለም ሲደርቅ ነው መልኩን የሚያወጣው አላልኩሽም?»

«ያ ዕጣቢ ነው ደርቆ ነጭ የሆነው?»

«ጥራት ያለው ቀለም እንዲህ ነው። መቶ በመቶ!»

አፌን ስከፍት አባዬ ብሩሽ እያጠበ ከወጥ ቤት ራሱን ነቀነቀልኝ። ተይው ማለቱ ነው። ተውኩት፤ ግን ጥርሴን ነክሼ ነው።

ሐሙስ ከሥራ መልስ ሥራ አስኪያጁ መጡ፤ ድምፃቸው ወፍራም፣ ንግግራቸው አጭር ነው። የስጦታ መጠቅለያ ሪባን በሩ ላይ ታስሮ ተቆረጠ። ባለቤቴ ንግግር አደረጉ። ኮሚቴውን አመሰገኑ፣ መሥሪያ ቤታቸውን አመሰገኑ፣ እኔን ለሞራል ድጋፌ አመሰገኑ፣ መሰላሉን አመሰገኑ። «በሽግግሩ ጊዜ ከፍተኛ አገልግሎት የሰጠው» ብለው ሶፋውን እንኳ አመሰገኑ። ሶፋው ላይ የሚተኛው አባዬ ጥግ ላይ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር።

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» አለች መምህርቷ በጆሮዬ። ንዴቴ ዓይኔ ድረስ መጣ።

ሥራ አስኪያጁ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሻሹ። ቀና ብለው ኮርኒሱ ሥር ያለውን መስመር ከጥግ እስከ ጥግ ተከተሉት።

«ይህን በእጅህ?»

«በገዛ እጄ፣ ጌታዬ።»

«በል ቅዳሜ እኔ ቤት ና። ሦስት ክፍል፣ ሳሎንና ደረጃ አለኝ። የማመጣቸው ቀቢዎች ሁሉ እያበላሹ አስቸገሩኝ። አንተ ብቻህን ትበቃለህ። ቤተሰቡም ይምጣ፣ አብረን እንውላለን።»

የባለቤቴ ፊት የመግባባት ቀለም ሆነ።

እንግዶቹ እንደወጡ አባዬ አዲሱ ክፍል ገብቶ ሸሚዞቹን አጥፎ ሻንጣ ውስጥ ይከት ጀመር። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሙ፤ ከፍ አሉ፣ ዝቅ አሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አባባ፣ ቅዳሜ መሄድዎ የግድ ነው?»

«ትኬት ቆርጫለሁ።»

«ወደ ሰኞ ቢያዛውሩትና አንድ ቀን እንኳ... ለታዛቢነት... ቢያጅቡኝ።»

አባዬ እጁን ሻንጣው ላይ እንዳደረገ ቀና አለ። «እየጠራኸኝ ነው?»

ወደ ነጩ ግድግዳ ዞሩ። «እየጠራሁዎት ነው አባባ። ያንን ነጩን... እኔ አልቀባሁትም መሰለኝ።»

«መሰለህ?»

«አልቀባሁትም።»

ቅዳሜ ሄድን። ዕቅዱ ግልጽ ነበር፤ አባዬ ይቀባል፣ ባለቤቴ ወረቀት ይዘው ያስተባብራሉ። ሥራ አስኪያጁ የቤት ልብሳቸውን ለብሰው ከፈቱልን። አባዬ ኮቱን አውልቆ ሮለሩን ሲያነሳ ግን ጮኹ።

«ምን ሊያደርጉ ነው አባቴ? በፍጹም! በእኔ ቤት ሽማግሌ እየሠራ ወጣት ቆሞ አያይም!» ሮለሩን ከእጁ ተቀብለው ለባለቤቴ ሰጡ። ወጣቱ ሃምሳ አንድ ዓመታቸው ነው። «አማትህን ልታሠራ ነው እንዴ ያመጣሃቸው? ነውር አይደለም?»

«የለም ጌታዬ፣ እሳቸው እንኳ...»

«ውጣ መሰላሉ ላይ!»

ለአባዬ ባለ ክንድ ወንበር መጣለት፣ ሻይ መጣለት፣ ከእግሩ ሥር በርጩማ ተደረገለት። ባለቤቴ መሰላሉ ሥር ሮለር ይዘው ቆሙ። ወደ ግርጌው አዩ። ወደ ኮርኒሱ አዩ። ወደ አባዬ ዞሩ።

«አባባ፣ ከየት ልጀምር?»

አባዬ ሻዩን ፉት አለ፤ አልቸኮለም። «ከላይ። ግን መጀመሪያ ፋቀው።»

እዚህ ላይ አንቱታዬን አነሳለሁ። ረዳት አንቱ አይባልም። ባሌ ፋቀ። «ይህ መፋቅ ነው? መልሰው» ተባለ። መለሰው። ቀባ፤ «ውኃ አበዛህበት» ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ወንበር ስበው አባዬ አጠገብ ተቀመጡ። «እርስዎ ግን ያውቁበታል መሰለኝ?» ሲሉት «ትንሽ ትንሽ አያለሁ» አላቸው። እስከ ምሳ ድረስ ስለ እርጥበት ጠየቁት፣ ስለ ስንጥቅ ጠየቁት፣ ስለ እናቴም ጠየቁት። አባዬ ሲመልስ ድምፁ ሞልቶ ነበር። እስከ ማታ ያለቀው ግማሽ ኮርኒስ ነው።

ቤት ስንገባ ባሌ ክንዱ አልነሳ ብሎት ከነጫማው ሶፋው ላይ ተጋደመ፤ እግሩ ከሶፋው አልፎ ተንጠለጠለ። እኔ የፈራሁትን ልጠይቅ አባዬ ክፍል ገባሁ። ሻንጣው እንደታሰረ ነው።

«አባዬ፣ የሰኞውስ ትኬት?»

በበሩ አሻግሮ ሶፋውን አየ። «ባልሽ እጁ ክፉ አይደለም። ግን ቶሎ አይገባውም። ለረዳትነት ብቻ ሁለት ዓመት ይፈጅበታል። ጅምር ሥራ ጥዬ የት እሄዳለሁ? ሸሚዞቼን አውጥተሽ ስቀይልኝ።»

አቅፌው ሳልጨርስ ከሶፋው ድምፅ መጣ፤

«በዕቅድ ከሄድን በአሥራ ስምንት ወር እንጨርሰዋለን!»

«ሦስት ዓመት አድርጊው» አለኝ አባዬ።