ከነአልጋዋ የመጣችው አራስ

ዝናብ ጨዋ ነው። ደመናውን ይልካል፣ ነጎድጓዱን ያስጮኻል፣ «መጣሁ፣ ልብሳችሁን አስገቡ» ይላል። ንፋስ ግን እንደ ባል ዘመድ ነው፤ ሳይነግር ከች ይልና የቤታችሁን ክዳን ከፍቶ ያያል። እናንተ ዛሬ የነገውን ደመና በስልክ ታያላችሁ አሉ። እኛ በጃንሆይ ጊዜ የነበረን የአማቴ ጉልበት ነው። ከቆረጠማቸው ይዘንባል። ቆርጥሟቸው «ገብርኤል ድረስ!» ካሉ ደግሞ ጣሪያ መያዝ ነው።

አንድ ነሐሴ፣ ጉለሌ፣ ከምሳ በኋላ «ገብርኤል ድረስ!» አሉ። በቃ፣ ጦር የመጣብን ይመስል ተነሳን። ልጆቹን ጥግ ሰበሰብኩ፣ ጭራሮውን አስገባሁ፣ ባለቤቴን ቦይ አስጠረግኩት። ከዚያ ቆርቆሮው እንዳይነሳ ድንጋይ አሸክሜ ጣሪያ ላይ አወጣሁት። ድንጋይ ሲያልቅ የወፍጮዬን መጅ ሰጠሁት። እሱም ሲያልቅ «በል አንተው እዛው ተቀመጥ» አልኩት። ውሸት እንዳይመስላችሁ፣ ትንሽ ተቀምጧል።

እኛስ ደህና፤ ጭንቁ ጎረቤት ነው። ባልቻ ሸማኔ ነው፤ ሚስቱ ዘነበች ሴት ልጅ ከወለደች ገና አስራ ሁለት ቀኗ። የባልቻ እጅ ለመወርወሪያ እንጂ ለመዶሻ አልተፈጠረም፤ አዲሱን ቆርቆሮ ሲመታ ምስማሩን እንደ ጨው ቆጥቦታል። ንፋሱ ገና ሲጀምር ጣሪያው ያጨበጭብ ጀመር።

«ዘነበች! ኧረ ዘነበች!» እያልኩ ሰፈሩን ጮህኩበት።

«እሱንማ እያየነው ነው!» አለኝ አንዱ ከመስኮቱ።

ስም ማውጣት እንዲህ ነው። አራሷን ማለቴ እንደሆነ እስካስረዳ ግማሽ ጉለሌን ዞሬ በሰበስኩ።

ሰው ተሰብስቦ ብንገባ ዘነበች ልጇን አቅፋ አልነቃነቅ አለች። «በአስራ ሁለት ቀኔ ደጅ ልውጣ? ልጄን ንፋስ ቢመታብኝስ?»

«አንቺ ሴት፣ ንፋሱ እኮ ቤትሽ ገብቷል!»

«ቢገባም እሱ ነው የመጣው፤ እኔ አልሄድኩም።»

ምን ትሏታላችሁ? ዋልታው ይንቋቋል፣ ባልቻ ያለቅሳል። ይሄኔ አማቴ በዚያ ጉልበታቸው እያነከሱ ደረሱ። «አራስ ወጣች የሚባለው እግሯ መሬት ሲነካ ነው» አሉ። «ከነአልጋዋ አንሷት!»

ይሄን ሕግ ከየት እንዳመጡት ዛሬም አላውቅም። ግን ዘነበች አሰብ አደረገችና «እንደሱ ከሆነ እሺ» አለች። አራት ወንዶች የጠፍር አልጋውን ተሸከሙ። በበሩ አላልፍ አለ። ባልቻ ሊሸጠው የሸመነውን አዲስ ጋቢ አውርዶ እናትና ልጅን ካልጋው ጋር ጥፍር አድርጎ አሰረ፤ አልጋው በጎኑ ተንጋዶ ወጣ። ዘነበች በዚያ ሁሉ ማዕበል ውስጥ «እግሬን! እግሬን ደግፉ፣ መሬት እንዳይነካ!» ትላለች።

የኔን ደጃፍ ሳንረግጥ ከኋላችን ጓ! አለ። ዋልታው ወድቋል። የት? አልጋው የነበረበት ላይ። ማንም አልሳቀም፤ እኔም ጭምር።

ንፋሱ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ሄደ። በሦስተኛው ቀን ሰፈሩ በደቦ ጣሪያውን መለሰው። «እንግዲህ ዘነበች በአልጋዋ ትመለስ» ብንል አማቴ ቱግ አሉ። «አራስ ታቦት ናት እንዴ በየቀኑ የምትዞረው? ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ልጅቷ ክርስትና እስክትነሳ ንቅንቅ የለም!»

አዲስ ሕግ። ምን ይደረግ? አልጋዋ እኛ አልጋ ቦታ ገባ፤ የኛ ተፈታ። ባለቤቴ መደብ ላይ እየተኛ «የሰው አራስ የኔን ወገብ ሰበረችው» ሲል ከረመ። ሌሊት ሕፃኗ ስታለቅስ ግን ቀድሞ የሚነሳው ማን ነበር መሰላችሁ?

ከክርስትናው ማግስት ዘነበች ልጇን አዝላ በእግሯ ወደ ቤቷ ሄደች። የኛ ቤት ጭር አለ። ባልቻ በዚያው ቀን ጣሪያው ላይ ወጥቶ ምስማር ሲጨምር ባለቤቴ ከደጅ ቆሞ አየው አየውና፦

«ኧረ ባልቻ» አለው፣ «ምን አስቸኮለህ? ምስማሩን አታብዛው።»