የአባ ገብቶኛል ዘመቻ በቁጥር ዐሥራ አራት ላይ

በዘመነ ሎጋሪዝም፣ አባ ገብቶኛል በኋላ ወንበር በነገሡ በሦስተኛው ወር፣ የአጋማሹ ፈተና ከመቶ ሠላሳ አንድ ባስገባላቸው በዐሥረኛው ቀን፣ እኒህ የቅድመ ካልኩለስ አርበኛ፣ ሳይጠየቁ ራሳቸውን በአዎንታ የሚነቀንቁ፣ የሰሌዳ ባላንጣ፣ ይህን ሥራ ሠሩ። ስማቸውም የወጣው መምህሯ ያልገባው እንዳለ በጠየቀች ቁጥር “ገብቶኛል” ስለሚሉ ነው፤ አንድም ቀን ገብቷቸው አያውቅም።

ወእምዝ ከምዕራፍ አንድ ተነሥተው ምዕራፍ ሁለት ሰፈሩ፤ ምዕራፍ ሦስትንም ሳይወጉ በዳር አልፈው ምዕራፍ አራት ዋሉ። ተከታዮቻቸውም እነዚህ ነበሩ፤ ሰባት ቁጥሯ ካልተደበደበ የማትሠራ ካልኩሌተር፣ እስከ ወገቡ የታኘከ እርሳስ፣ ከጻፉት ያጠፉት በዝቶ ያለቀ ላጲስ፣ እንዲሁም ከእሳቸው የሚገለብጥ አንድ የወንበር ጓደኛ፣ እርሱም ሃያ ዘጠኝ ያገኘ።

የድላቸው ምስጢር ይህ ነው። መጽሐፉ የጎዶሎ ቁጥር ጥያቄዎችን መልስ ከኋላው ያትማልና፣ የምዕራፍ አራትን ሰባ አንድ ጎዶሎ ሁሉ ማረኩ፤ ከላይ ጥያቄውን፣ ከታች መልሱን ጽፈው፣ መካከሉ ገደል ሲሆንባቸው “ስለዚህ” ብለው ዘለሉት። መልስ ያልታተመላቸውን ሰባ አንድ ሙሉ ቁጥሮች ግን ዞር ብለውም አላዩ። ደብተሩ የሊቅ ይመስል ነበር፤ ጉዱ እሳቸውም ማመናቸው ነው።

ወበውእቱ ሰሞን መምህሯ በክፍሉ በር ላይ ይህን ዐዋጅ ለጠፈች። “ድጋሚ ፈተና መቀመጥ የሚፈልግ፣ በትምህርቱ ምን ያህል እንደ ተሻሻለ ጽፎ ያምጣ። መልሱ መጽሐፉ ላይ የሌለ አንድ ጥያቄም ራሱ ሠርቶ ያያይዝ። ያላመጣ ኮርሱን ይደግማል።” ከቤትም የእናታቸው ዐዋጅ ወጣ። “ስማ ልጄ፣ ዘንድሮ ከደገምክ አጎትህ ጎማ ቤት ነው የምትገባው። አለቀ፣ ደቀቀ።”

አባ ገብቶኛልም መሻሻላቸውን የሚያወድስ ሁለት ገጽ በአንድ ትንፋሽ ጻፉ፤ ለወሬማ ማን ብሏቸው። የሚያያይዙትን ፍለጋ ደብተሩን ቢገለብጡ፣ ቢገለብጡ ግን ሁሉም ጎዶሎ ሆነ። ያን ጊዜ ፈሩ። የጎማ ቤቱ ሙጫ ከሩቅ ሸተታቸው።

ከምሳ በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ቁጥር ዐሥራ አራትን ከበቡ። አራት ጊዜ “ስለዚህ” ብለው ዘለሉ፤ ወዲያ ማዶ የሚያርፉበት መልስ አልነበረምና አራት ጊዜ ገደል ገቡ። በዳር ወዳለፉት ምዕራፍ ሦስት ተመልሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ እንደ ጀማሪ ማንበብ ግድ ሆነባቸው። ቤተ መጻሕፍቱ ሊዘጋ ሲል ሁለት መልሶች እጅ ሰጡ፤ አራት እና ኔጌቲቭ ሁለት። ሎጋሪዝም ኔጌቲቭ ቁጥር አይቀበልምና ኔጌቲቭ ሁለትን ራሳቸው አባረሩት፤ አራትን ጥያቄው ውስጥ መልሰው ቢያስገቡት ልክ መጣ።

ሁለቱን ገጾች ቀደው፣ ከሥራው ጋር ይህን ብቻ አስገቡ። “እስከ ዛሬ ገብቶኝ አያውቅም። ከመቶ አርባ ሁለት ጥያቄ አንድ ሠርቻለሁ።” መምህሯም ከሥሩ በቀይ “ይቀመጥ” ብላ ፈረመች።

እነሆ፣ ሌላው ተማሪ ከቁርስ በፊት የሚጨርሰውን ግማሽ ቀን ለተዋጉት፣ መቶ አርባ አንድ ጠላት ከኋላቸው ቆሞ ሳለ በአንዱ ሬሳ ላይ ለፎከሩት፣ ለአባ ገብቶኛል ክብርና ምስጋና ይድረሳቸው፤ ያንን አንዱን ማንም አልሰጣቸውምና።