አዳማጩ ባለሙያ

ማዳመጥ የተማረ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ካልገጠማችሁ ተመስገን በሉ። እኔ ካርድ ክፍል በምሠራበት በደባርቅ ጤና ጣቢያ ግን አንድ አለን። ጎንደር ሄዶ አምስት ቀን ስለ ማዳመጥ ሠልጥኖ ከተመለሰ ወዲህ አፉ አልተዘጋም። ሰው የሆዱን ሲያወራ አንጎሉ ይለወጣል፣ ከዘር የወረስነው ተኝቶ የኖረ ጂን እንኳ ይነቃል ይለናል። እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ እኔ ምን አውቄ?

ባለፈው ማክሰኞ እማማ የሻረግ ከጃናሞራ መጡ። ሴት ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሏቸዋል። ወደ እሱ ላክኋቸው፤ በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«እማማ፣ ማውራት መድኃኒት ነው» ብሎ ጀመረ። ስለ አንጎል አወራ፣ ስለ ጂን አወራ፣ ከዚያ እድገት ስለከለከሉት አለቆቹ፣ በመጨረሻም ጥላው ስለሄደች ሚስቱ አወራ። እሳቸው ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ፣ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙት። በአገራችን ኀዘንተኛ ሲያወራ ለቅሶ ደራሽ አያቋርጥም።

ሲደክመው ተነሡና «እግዜር ያጥናህ ልጄ፤ ብዙ ችለሃል» ብለውት ወጡ።

እሱ ፊቱ በርቶ ካርዳቸውን ይዞልኝ መጣ። «በንግግር ሕክምና ጥሩ ለውጥ አሳይተዋል» ብሎ ጽፎበታል። «አየህ፣ ቀለል አላቸው» አለኝ።

ካርዱን መደርደሪያው ላይ መለስኩት። እማማ የሻረግ ከጃናሞራ ድረስ ያንን ሁሉ ዳገት ወጥተው የመጡት ስለ ልጃቸው ሊያወሩ ነበር። ስሟን እንኳ የጠየቃቸው የለም። እኔም አልጠየቅኋቸው።