የሰባት ቁጥር መሳፈሪያ ባላባት

ሐበሻ በተሰደደበት አገር ሁሉ አንድ ባቡር ያሳበደው ሰው አይጠፋም። ቤተክርስቲያኑ ሳይከፈት፣ ዕድሩ ሳይቋቋም፣ እሱ ቀድሞ ደርሶ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ቆሟል። የእኛ የጄኔቫዎቹ ድርሻ ክቡር ጋሽ ፊሊጶስ ናቸው፤ የኮርናቫ ባቡር ጣቢያ የሰባት ቁጥር መሳፈሪያ ባላባት፣ የሐዲድ ሁሉ ጠባቂ። ሹመቱን የሰጣቸው የለም፤ የሚሽራቸውም አልተገኘም።

ጋሽ ፊሊጶስ የድሬዳዋ ልጅ ናቸው። አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ከዚራ ሰፈር፣ የባቡር ጡሩምባ እየሰሙ አደጉ። እኩዮቻቸው ሐዲዱ ላይ ቆርኪ አስቀምጠው ባቡር ሲያስደፈጥጡ፣ እሳቸው አጥር ላይ ወጥተው የሚያልፈውን ሁሉ በደብተር ይጽፉ ነበር፤ የሎኮሞቲቩን ቁጥር፣ የፉርጎውን ብዛት፣ ስንት ሰዓት እንደዘገየ። "አንድ ቀን ሊቶሪናዋ፣ ፈጣኗ የመንገደኛ ባቡር፣ በሰዓቷ ገባች፤ ጣቢያው ሁሉ ደነገጠ" ይላሉ። ይኸው ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ከሆቴል ልብስ ማጠቢያ ሥራቸው ጡረታ ወጥተው ዛሬም ይጽፋሉ። ሁልጊዜ በሰዓቱ የሚገባ ባቡር መመዝገብ ምኑ እንደሚጥም እግዜር ይወቀው።

ደህና አደሩ ስትሏቸው "ተመዝግቧል!" ይላሉ። እገሊት ወለደች ስትሏቸው "ተመዝግቧል!" ሰው ሞተ ስትሏቸው ደግሞ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ተመዝግቧል።"

ጄኔቫ ዳርቻ ላንሲ ያለችው ቤታቸው አንዲት ክፍል ናት፤ እሷንም ድሬዳዋ ወርሳባቸዋለች። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተጋደመ ጣውላ ላይ፣ ከአዲስ አበባ ለገሃር እስከ ጅቡቲ ትንንሽ ሐዲድ ዘርግተዋል። እሳቸው የሚተኙት ከጣውላው ሥር፣ በግምት አዋሽ ላይ ነው። ጣቢያው ከጫማ ካርቶን፣ ድልድዩ ከአይስክሬም እንጨት፣ ግራሩ ከደረቀ ጦስኝ ተሠርቷል። ግመሎቹን ግን ከፈረንጅ የገና ማስጌጫ ስለገዟቸው አንዱ ግመል ሁለት ፉርጎ ያህላል።

"ጋሼ፣ ግመሉ ከባቡሩ በለጠ እኮ!" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ድሬን ታውቃታለህ?"

"አላውቃትም።"

"እንግዲያው ዝም በል" አሉኝና ባቡራቸውን አስነሱ።

እኔ በእኚህ ሰው አፍር ነበር። ምን ልደብቃችሁ! ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ በፈረንጅ ሰዓት ሰባት ከአርባ ሁለት በሚነሳው ባቡር ዙሪክ ወዳለችው እጮኛዬ ወደ ቤቴል እሄዳለሁ። ባቡሩ ደግሞ ከሰባት ቁጥር ነው የሚነሳው። ባላባቱ የድሮ የባቡር ሠራተኛ ኮፍያ ደፍተው፣ ደብተር ይዘው፣ ለሚገባው ባቡር ሁሉ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣሉ። ፈረንጆቹ ይስቃሉ፤ ልጆች ፎቶ ያነሷቸዋል። እኔ ዓምድ ለዓምድ ተደብቄ አልፍና የመጨረሻው ፉርጎ ውስጥ እገባለሁ። ከረባት አስሬ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው፤ ሥራዬ ፖስታ ማደል ቢሆንም ከረባቱ ከረባት ነው።

አንድ ቅዳሜ ግን መሳፈሪያው ላይ ከአለቃዬ ጋር ተገጣጠምን። ሰላም እየተባባልን ሳለ "ያሬዴ! ልጄ!" የሚል ድምፅ ጣቢያውን ሞላው። አለቃዬ ኮፍያውን አየች፣ ደብተሩን አየች፣ እኔን አየች።

"ታውቃቸዋለህ?"

"ኧረ አላውቃቸውም" አልኩ በጥሩ ፈረንሳይኛ። "ትንሽ ነካ የሚያደርጋቸው ይመስለኛል።"

ጋሽ ፊሊጶስ ሦስት እርምጃ ላይ ነበሩ። የድሬዳዋ የምድር ባቡር ልጅ ፈረንሳይኛውን ከእኔ አስበልጦ እንደሚያውቅ ጠፍቶኝ አይደለም። ጫጫታው ውጦት ይሆናል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ኮርናቫ ዶሮ የለም እንጂ በዚያች ደቂቃ መጮህ ነበረበት። እሳቸው ወደ ደብተራቸው አጎንብሰው መጻፍ ጀመሩ።

ከዚያ ወዲያ ዓምዱን ትቼ በሌላ ደረጃ መውጣት ጀመርኩ። እንዲህ እያለ ለቤቴል ሽማግሌ የምልክበት ቀን ደረሰ። አባቷ አቶ ሙሉነህ "ጄኔቫ ያለ ወንድ ቃሉ እንደ ሐይቁ ፏፏቴ ነው፤ ሽቅብ ወጥቶ ይበተናል" የሚሉ ሰው ናቸው። አይፈረድባቸውም። የትልቋ ልጃቸው እጮኛም የጄኔቫ ሰው ነበር፤ በየሳምንቱ እመጣለሁ ብሎ ብርዱ ሲገባ ቀረ።

የመነሻችን ዋዜማ ከሦስቱ ሽማግሌዎቼ አንዱን ወገባቸውን ያዛቸው። የዕድራችን ሰብሳቢ አቶ ከፈለ ሳይጠይቁኝ በማግስቱ ምትክ ይዘው ጣቢያ መጡ። ማንን? ባላባቱን፣ ከነኮፍያቸው! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ መጠየቅ ሲገባኝ ምን ብል ጥሩ ነው?

"ጋሼ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ እዚያ ቤት ስለ ባቡር አንድ ቃል እንዳይተነፍሱ።"

ኮፍያቸውን አወለቁ። ሰው ሲሞት በሚናገሩበት ድምፅ "ተመዝግቧል" አሉ።

ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር አይገባምና እኔ ዙሪክ ባቡር ጣቢያ ትልቁ ሰዓት ሥር ተገትሬ ቀረሁ። ሦስት ሰዓት ሙሉ! የሆነውን የሰማሁት ከአቶ ከፈለ ነው።

"ተቀመጡ" ሲባሉ እንደ ወጉ "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብለው ቆሙ። ጉዳዩ ተነገረ። አቶ ሙሉነህ "ላለመቅረቱ ዋሱ ማነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ" አሉ አቶ ከፈለ።

"የፊተኛውም እንዳንተ ያለ ዋስ ነበረው።"

አቶ ከፈለ ነገሩ ተበላሸ ብለው ላብ ሲያጠምቃቸው ጋሽ ፊሊጶስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ስለ ባቡር ላላነሳ ለልጁ ቃል ሰጥቼ ነበር። እንግዲህ ይቅር ይበለኝ" ብለው ከካፖርታቸው ኪስ ሦስት ደብተር አወጡ። "መቶ ሃያ አንድ ቅዳሜ ነው። አንዱን ታሞ ቀርቷል። ሁለቱን እኔ ታምሜ አላየሁትም፤ እሱ ግን መሄዱን አልጠራጠርም። የተረፈው ሁሉ እዚህ ተጽፏል፤ የመጨረሻው ፉርጎ ላይ ነው የሚሳፈረው። በረዶ የጣለ ቀን ባቡሩ አርባ ደቂቃ ዘግይቷል፤ ልጁ አልተመለሰም።"

አቶ ሙሉነህ መነጽራቸውን አድርገው ገጽ በገጽ አገላበጡ። ቤቴልን ከጓዳ ጠርተው "ያ በረዶ የጣለ ቀን መጥቶ ነበር?" አሏት። "እግሩ በስብሶ መጣ፣ ካልሲህን ሰጠሁት" አለቻቸው። የዚያን ጊዜ ሳቅ አሉና "በሉ አሁን ተቀመጡ" አሉ። ተቀመጡ።

ወይ ነዶ! ዓምድ ለዓምድ ስደበቅ ሁሉ ያዩኝ ነበር ለካ።

ስንመለስ ጋሽ ፊሊጶስ "ስለ ባቡር በማንሳቴ አፉ በለኝ" አሉኝ፤ አንገቴን ደፋሁ። በርን ከተማ ባቡሩ ሲቆም ነጂውን ሰላም ልበለው ብለው ወረዱና ደብተሩን አስያዙኝ። አለቃዬ ፊት የካድኳቸውን ያቺን ቅዳሜ ፈለግኋት። ከሎኮሞቲቩ ቁጥርና ከፉርጎው ብዛት ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦

"ያሬድ፣ የመጨረሻው ፉርጎ። ከሥራ ባልደረባው ጋር ነበር። አላየኝም።"

ከሥሩ፣ በሌላ ቀለም፣ በኋላ ተመልሰው የጨመሯት ቃል አለች። "ቸኩሎ ነው።"

አምሳ ሰው መሀል ቢያዋርዱኝ ይሻለኝ ነበር። ሲመለሱ ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ብከፍት እንባዬ ቀደመኝ። "አይዞህ፣ ሰርግ እንዲህ ያደርጋል" ብለው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና ወደ መስኮታቸው ዞሩ።

በሳምንቱ ቅዳሜ በዋናው ደረጃ ወጥቼ አጠገባቸው ቆምኩ። ዕድል ሆኖ አለቃዬም መጣች። ጠራኋት።

"ያን ቀን ዋሽቼሻለሁ" አልኳት በፈረንሳይኛ፣ ሰው ሁሉ እስኪዞር ጮክ ብዬ። "እኚህ እንደ አጎቴ ናቸው። ሚስት ያገኘሁት በእሳቸው ነው። ስማቸውም ጋሽ..."

"ዝም በል እባክህ" አሉኝ ጋሽ ፊሊጶስ ዞር እንኳ ሳይሉ። "እየገባ ነው።"

እኔም እጄን እንደሳቸው ግንባሬ ላይ አደረግሁ።